ያረጀ ውሻ በፎስተር ይዘናል፤ እናስቀረው ወይስ እንመልሰው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራሉ። ትልቋ ልጃቸው ከመጠለያ የ11 ዓመት የላብራዶር ቅልቅል ውሻ በፎስተር፣ ማለትም ለጊዜው በአደራ፣ ተቀብላ ቤት አስገብታለች። ክብደቱ 66 ፓውንድ፣ ወደ 30 ኪሎ ነው፤ ልጆቹ «ቡቺ» ብለውታል። ከመጣ 9 ቀኑ ነው። ሌሊት አይተኛም፤ እያለከለከ ከክፍል ክፍል ይዞራል። ሁለት ጊዜ ምንጣፍ ላይ ሸንቷል። ከትናንት ወዲያ ደግሞ የ7 ዓመቱ ልጅ ውሻው ከተኛበት ሄዶ ከኋላው ሲያቅፈው ጥርሱን አሳይቶ አጉረመረመበት። አብረዋቸው የሚኖሩት የ74 ዓመት እናታቸው «ጸሎት በሚደረስበት ቤት ውሻ ምን ይሠራል?» ይላሉ። መጠለያው በ12 ቀን ውስጥ በማደጎ ውሰዱት ወይም መልሱት ብሏል። ጠያቂዋ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦ «አሳዝኖኛል። ግን ተናካሽ ቢሆንስ? ደህና ከሆነስ፣ ነገ ሞቶ ልጆቼን ቢያስለቅስብኝስ?»

ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ ለልጅዎ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ቡችላ መጠለያ ሲገባ ብዙ ሳይቆይ ፈላጊ ያገኛል። አፉ ዙሪያ የሸበተ ውሻ ግን ሰው በፊቱ እያለፈ ሲሄድ እያየ ይከርማል።

መልሴን ሳላስረዝም ልንገርዎት፦ ዛሬ አይወስኑ። በእነዚህ 9 ቀናት ያዩት ነገር አብዛኛው የቡቺ ጠባይ ነው ብዬ አላምንም። ሕመም ይመስለኛል። ሕመሙ ሳይታወቅና ሳይታከም ቢያስቀሩትም ቢመልሱትም፣ የወሰኑት ገና ባላወቁት ውሻ ላይ ነው። መጠለያው የሰጠዎት ቀን ካልበቃ እንዲያራዝምልዎት ይጠይቁ፤ ለሕክምና ሲባል ማራዘም የተለመደ ነው።

ይህን የምለው ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ስማር ካገኘሁት ይልቅ እዚህ አሜሪካ በክሊኒክ ካየሁት ተነስቼ ነው። አገር ቤት ሳለሁ ያረጀ ውሻ ማየት ብርቅ ነበር። ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል፣ ግቢ ይጠብቃል፤ ስንት ዓመቱ እንደሆነ የሚቆጥርለት አልነበረም። ስለዚህ ብዙዎቻችን ያረጀ ውሻ ሲያመው ምን እንደሚመስል ሳናውቅ ነው ያደግነው።

አንድ ታሪክ ልንገርዎት። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ የ10 ዓመት ሴት ውሻ አመጡልኝ። ሁለት ቤተሰቦች «ትናከሳለች» ብለው መልሰዋታል። መዝገቧ ላይ ልጆች ላሉበት ቤት እንዳትሰጥ ተጽፏል። አፏን ለማየት ሃያ ደቂቃ ያህል መሬት ላይ አጠገቧ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ከግራ ዓይኗ ሥር የሽንብራ ፍሬ የምታህል እብጠት ነበረች፤ ፀጉሯ ስለሸፈናት ማንም ልብ አላላትም። የላይኛው ትልቁ ጥርሷ ተሰንጥቆ ሥሩ መግል ቋጥሯል። ልጆቹ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲስሟት የሚጫኑት እዚያችው ላይ ነበር። ጥርሱ ተነቀለ፣ ፀረ ተሕዋስያንና የሕመም ማስታገሻ ወሰደች። በሦስተኛው ሳምንት ለክትትል ስትመጣ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወሰዳት። ሁለት ቤት ያሳጣቻት የተሰነጠቀች ጥርስ ናት። ያቺን ውሻ ባሰብኩ ቁጥር አሁንም ያንገበግበኛል።

ወደ ቡቺ እንመለስ። ውሻ ሲያመው አይጮህም። ድንገት ካልተረገጠ ወይም ካልተሰበረ በስተቀር ሕመሙን ውጦ ነው የሚኖረው። የ11 ዓመት ላብራዶር ደግሞ ዳሌው፣ ጉልበቱ ወይም ክርኑ ላይ የመገጣጠሚያ ሕመም ቢኖርበት አይገርመኝም፤ ዘሩ የታወቀበት ችግር ነው። እንዴት እንደሚታወቅ ላሳይዎት። ከተኛበት ሲነሳ ይመልከቱት፦ ፊት እግሮቹ ቀድመው ተነስተው የኋላዎቹ ከዘገዩ፣ ከተነሳም በኋላ ጥቂት እርምጃ ደረቅ ብሎ ሄዶ ከዚያ ከተፍታታ ምልክት ነው። ነቅቶ ቆሞ ሳለ በእርጋታ ጭኑን ይዳብሱት፤ ትከሻው ሙሉ ሆኖ ጭኑ የቀጠነ ከሆነ ክብደቱን ከኋላ ወደ ፊት ማዛወር ከጀመረ ቆይቷል ማለት ነው። ዞር ብሎ እጅዎን ካየ ወዲያው ይተውት፤ እሱም ራሱ መልስ ነው። ጥፍሮቹ ረዝመው ወለል ላይ ሲራመድ ቀጭ ቀጭ የሚሉ ከሆነም ልብ ይበሉ፤ በደንብ የሚራመድ ውሻ ጥፍሩን ራሱ ይሞርደዋል።

የሌሊቱ መዞር አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል። ጎኑ ላይ ሲተኛ ያመዋል፣ ይነሳል፣ ይዞራል፣ ያለከልካል፣ ደክሞት ይተኛል፣ እንደገና ያመዋል። ሌላው ምክንያት የአእምሮ እርጅና ነው፤ በሰው የመርሳት በሽታ እንደምንለው ያለ። ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ላይ ተሠርቶ በ2001 የታተመ ጥናት ከ11 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ውሾች 28 በመቶ፣ ከ15 እስከ 16 ዓመት ከሆናቸው ደግሞ 68 በመቶ ቢያንስ አንድ ምልክት እንዳሳዩ አግኝቷል። ምልክቶቹ ጥግ ገብቶ መውጫው መጥፋት፣ በሩን በማጠፊያው በኩል ቆሞ መጠበቅ፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት መንቃት፣ የሚያውቀውን ሰው እንደ እንግዳ ማየት ናቸው። ይህ ከሆነም መድኃኒት አለ፤ ፈጽሞ ባያድነውም ሌሊቱን ያቀልለታል። ነገር ግን በ9 ቀን ይህን መለየት አይቻልም፤ አዲስ ቤት የገባ ጤነኛ ውሻም ሌሊት ይዞራልና። ስለዚህ ቀላሉን አስቀድመው ያጣሩ፦ ሕመሙንና ሽንቱን።

ሽንቱን በተመለከተ ነገ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ጠዋት 3 ሊትር ውሃ ለክተው ያቅርቡለት። ሌላ የሚጠጣበት አይኑር፣ የመጸዳጃ ቤት ክዳን ይዘጋ። 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በ24 ሰዓት ውስጥ 3 ሊትሩን ከጨረሰ ከልክ በላይ ጠጥቷል፤ ኩላሊቱ፣ ስኳሩ ወይም ኩሺንግ የሚባለው የሆርሞን በሽታ መታየት አለበት። ውሃ ግን ፈጽሞ አይከልክሉት። ጥቂት እየጠጣ ብዙ ጊዜ ትንሽ ትንሽ የሚሸና ከሆነ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ካልሆነ ምናልባት በሩ ጋ ለመድረስ እግሩ አልታዘዘው ብሎ ይሆናል። የአሥራ አንድ ዓመት ውሻ ምንጣፍ ላይ ሸንቶ አይቆጡት፤ ከመተኛቱ በፊትና ሌሊት አንድ ጊዜ ያውጡት።

አሁን ወደ ማጉረምረሙ፤ እርስዎን ያስፈራው እሱ ነውና። ልክ ነዎት፣ ልጅ ያለበት ቤት ቀልድ አይደለም። ግን የሆነውን መልሰው ያስቡት። ተኝቶ ነበር፣ ከኋላ ነው የተያዘው፣ በ11 ዓመቱ ጆሮው ደክሞ ሊሆን ይችላል፣ የተጫነበትም ቦታ ምናልባት የሚያመው ዳሌው ነው። አጉረመረመ፤ አልነከሰም። ማጉረምረም የውሻ «ተወኝ» ማለት ነው። እባክዎን ለዚህ አይቅጡት። ማጉረምረም የተቀጣ ውሻ ማስጠንቀቂያውን ይተዋል እንጂ ሕመሙ አይለቀውም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ብሎ ይነክሳል። ከዛሬ ጀምሮ ግን ሕግ ይኑር፦ የተኛ ውሻ አይነካም፣ አይታቀፍም። ልጁ ቡቺን ከፈለገ ራቅ ብሎ ወለሉን በእግሩ መታ መታ ያድርግ፤ ንዝረቱ ይቀሰቅሰዋል። ከዚያ ቡቺ ራሱ ተነስቶ ይምጣ። አዋቂ ሰው ክፍሉ ውስጥ ከሌለ ሁለቱ ብቻቸውን አይቆዩ። ምግብ ሲበላም እንዲሁ።

ለመጠለያው እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ ሐኪማቸው ቡቺን ለመገጣጠሚያ ሕመምና ለጥርስ ብሎ ይመርምረው፤ የደምና የሽንት ምርመራ ይደረግለት፤ የልብ ትልና በመዥገር የሚተላለፉ በሽታዎች ይታዩለት። በእናንተ አካባቢ የላይም በሽታ የተለመደ ነው፤ እሱም መገጣጠሚያ ያሳምማል። ፎስተር ላይ እስካለ ድረስ ውሻው የመጠለያው ንብረት ነው፤ ወጪውም አብዛኛውን ጊዜ የእነሱ ነው፣ ውሳኔውም የእነሱ ነው። ሳያስፈቅዱ ወደ ሌላ ክሊኒክ አይውሰዱት፤ ሒሳቡ በእርስዎ ይቀራል።

የደም ምርመራው ኩላሊቱና ጉበቱ ደህና መሆናቸውን ካሳየ ሐኪሙ ለውሻ የተሠራ የሕመም ማስታገሻ፣ ለምሳሌ ካርፕሮፌን፣ ለሁለት ሳምንት እንዲሞክርለት ይጠይቁ። ሌሊት መተኛት ከጀመረ፣ ደረጃ ላይ ማመንታቱ ከቀነሰ፣ ልጆቹ ሲቀርቡት ጭራውን ከቆላ፣ ሲያሰቃየው የነበረው ሕመም ነበር ማለት ነው። በወር አንዴ የሚሰጠውንና ሊብሬላ የሚባለውን መርፌ ያነሱብዎት ይሆናል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2023 ነው የፈቀደው። ብዙ ውሾችን ሲረዳ አይቻለሁ፤ ሆኖም በ2024 መጨረሻ ያው መሥሪያ ቤት በአንዳንድ ውሾች ላይ የነርቭ ችግርና የመራመድ እክል እንደተዘገበ ለሐኪሞች አሳስቧል። ስለዚህ እኔ ብሆን መጀመሪያ የምሞክረው ክኒኑን ነው።

ከቤትዎ የመድኃኒት ሳጥን ግን ምንም አይስጡት። አድቪል (አይቡፕሮፌን) የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱን ይጎዳል። «ለእኔ ካሻለኝ» ብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ታይሌኖል መስጠትም እንዲሁ አደገኛ ነው። በደግነት የተሰጠ ክኒን ያመጣውን ጣጣ ደጋግሜ አክሜያለሁ።

ስለ ምግቡ ደግሞ ከማንም ቤት በላይ የእኛ ቤት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ፤ መቀቀልም መጥበስም አያድናቸውም። 30 ኪሎ ውሻን ለመጉዳት ግማሽ ኪሎ ገደማ ሽንኩርት ሊበቃ ይችላል፤ በትንሽ በትንሹ በየቀኑ ቢሰጠውም ይጠራቀማል። አንድ ድስት ዶሮ ወጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚበላ እርስዎ ያውቁታል። ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ወጥ የነካው እንጀራም ያው ነው። ጉዳቱ በዕለቱ አይታይም፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ድድው ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ዘቢብ ያለበት ሕምባሻ ለኩላሊቱ መርዝ ነው። የዶሮ አጥንት ከተቀቀለ በኋላ ተሰነጣጥቆ አንጀት ይወጋል። በፋሲካ ማግስት ቅቤ የበዛበት ክትፎ ቀምሶ በቆሽት ሕመም ተሸክመው ያመጡት ውሻ አይቻለሁ። እንግዳ ሲመጣ የሚያጎርሰው አይጠፋምና ለሁሉም አስቀድመው ይንገሩ። ማጉረስ ከፈለጉ ጨውና ቅመም የሌለው የተቀቀለ ካሮት ወይም ድንች ይስጡት።

ቡናም አለ። ረከቦቱ መሬት ላይ ነው፣ ከሰሉ የጋለ ነው፣ ጀበናው አንገቱ ቀጭን ነው፤ ዓይኑ የደከመ ትልቅ ውሻ ደግሞ በጭራው ብቻ ሊጠርገው ይችላል። ቡና ሲፈላ ሌላ ክፍል ይሁን። የዕጣኑ ጭስም ለሚያስል አሮጌ ውሻ ጥሩ አይደለምና መስኮት ይከፈት። (ዓይኑ ሰማያዊ ደመና የለበሰ መስሎ ከታየዎት አይደንግጡ፤ ያ በአብዛኛው የእርጅና ለውጥ ነው፣ ያያል። ነጭ ወተት መስሎ ከታየ ግን የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላልና ይመርመር።) ወለልዎ የሚያንሸራትት እንጨት ከሆነ ከመኝታው እስከ ውሃውና እስከ በሩ ድረስ የማያንሸራትት ምንጣፍ ያንጥፉለት። ዮጋ የሚሠራበት ርካሹ ምንጣፍ ይበቃል።

እናትዎን በተመለከተ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛው የእኔ ሙያ ነው፦ በ74 ዓመት መውደቅ ትልቅ ነገር ነው፤ ሌሊት ኮሪደር ላይ የተጋደመ ጥቁር ውሻ ደግሞ ወጥመድ ነው። አንገቱ ላይ ትንሽ ቃጭል ይሰሩለት፣ የሌሊት መብራት ይኑር፣ ሌሊት ከእናትዎ ክፍል በኩል ሕፃናት እንዳያልፉ በሚገጠመው ዓይነት አጭር መከለያ በር ይከለል። ሁለተኛው የሃይማኖቱ ነገር ነው። በዚህ እኔ ፈራጅ አይደለሁም፤ የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ። የጸሎት ቦታቸው ተለይቶ ውሻ እንዳይደርስበት ማድረግ ግን በእርስዎ እጅ ነውና ዛሬውኑ ያድርጉት፤ ክብራቸውም ይጠበቃል። ከፈቀዱ አንድ ነገር ያስታውሱልኝ፦ በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር መንገድ ሲወጣ ውሻውም ተከትሏቸዋል። ጳጉሜን 3 ዝናብ የሚጠመቁ እናት ይህን ታሪክ ሳያውቁት አይቀሩም። አንዲት እናት ይህን ሲሰሙ ዝም ብለው ቆይተው «እስቲ ውሃ ስጡት» ያሉትን አልረሳም።

ገንዘቡንም እንነጋገር። ማደጎውን በፈረሙ ቀን ወጪው ወደ እርስዎ ይዞራል። የእንስሳት ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የነበረን በሽታ አይሸፍንም፤ ስለዚህ አሁን የሚገኘው በራስዎ ኪስ ነው ብለው ያስቡ። ያረጀ ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ሐኪም ማየት አለበት፤ የጥርስ ሥራ ካለበት ውድ ነው። በዚህ ምክንያት ከመፈረምዎ በፊት ጥርሱ በመጠለያው ወጪ እንዲሠራ ይጠይቁ። አንድ ሌላ መንገድም አለ፦ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የሚዘልቅ ፎስተር። ውሻው እናንተ ጋ ይኖራል፣ ሕክምናውን ድርጅቱ ይከፍላል። ቴኔሲ ያለው «ኦልድ ፍሬንድስ» በዚህ መንገድ ያረጁ ውሾችን በሰው ቤት ያኖራል። ሳን ፍራንሲስኮ ከ2007 ጀምሮ ያረጁ ውሾችን ብቻ የሚያነሳ «መትቪል» የሚባል ድርጅትም ለመጨረሻ ዘመናቸው ቤት ይፈልግላቸዋል። የእናንተም መጠለያ ይህን የመሰለ ነገር እንዳለው ይጠይቁ። ብዙዎች አላቸው፣ ጠያቂ ሳይኖር አያነሱትም።

ቢሞትስ ብለዋል። ይሞታል። ላብራዶር በአማካይ 12 ዓመት ገደማ ይኖራል፤ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ምናልባት ከዚያ ትንሽ በላይ ነው ያላችሁ። ለልጆቹ ከአሁኑ ይንገሯቸው፦ «ቡቺ ሽማግሌ ነው፤ እኛ ጋ የመጣው ሽምግልናውን ሊያሳልፍ ነው።» ቀኑ ሲደርስና ሐኪሙ በመድኃኒት ማሳረፍን ሲያነሳ ለሰባት ዓመቱ ልጅ «ተኛ» አይበሉት፤ መተኛት የሚፈራ ልጅ ያተርፋሉ። «መለስነው» ብለውም አይዋሹት። «ሞተ፣ አላመመውም፣ አብረነው ነበርን» ይበሉት። ልጅ ያለቅሳል። ካለቀሰ በኋላ የሚያስታውሰው ግን ወለሉን መታ መታ ሲያደርግ ጭራውን እየቆላ የሚመጣውን ውሻ ነው። እኔ ልጅ ያለቅሳል ተብሎ ሽማግሌ ውሻ ሲመለስ አይቻለሁ፤ ልጁ ያኔም አልቅሷል።

ቀን የማይሰጡትንም ይወቁ፦ ሆዱ ተነፍቶ ለማስመለስ እየታገለ ምንም ካልወጣው፣ ድድው ድንገት ነጥቶ ከወደቀ፣ ወይም ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ ሲቆጠር ደጋግሞ በደቂቃ ከ30 ካለፈ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክሊኒክ ይሂዱ፤ እየሄዱ ለመጠለያው ይደውሉ።

ሕክምናውን አግኝቶም ነቅቶ ሳለ ልጁ ላይ ማጉረምረሙን ከቀጠለ፣ ወይም እናትዎ በፍርሃት ከክፍላቸው መውጣት ከተዉ፣ ይመልሱት። በዚህ አላዝንብዎትም። የዚያን ጊዜ ግን የሚያውቁትን ሁሉ ጽፈው ይስጡ፦ ምን እንደሚያመው፣ የትኛው መድኃኒት እንደረዳው፣ ስንት ሰዓት እንደሚሸና፣ ከማን ጋር እንደሚስማማ። ያ ወረቀት ጸጥ ያለ፣ ልጅ የሌለበት ቤት ሊያስገኝለት ይችላል።

ለጊዜው ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ፦ ቡቺ ከተኛበት ሲነሳ በስልክዎ ይቅረጹትና ከደብዳቤው ጋር ለመጠለያው ሐኪም ይላኩት። 30 ሴኮንድ ይበቃል፤ ከጎኑ ሆነው ይያዙት፣ የኋላ እግሮቹ በደንብ እንዲታዩ።